ስም የሚያስፈታ ግፊት፣ ሕግ የሚያስለውጥ ግፊት

  የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንድ መንግሥት የሚቃወመውን ሰው ያስራል፤ ሌላ መንግሥት ጉዳዩ እንዳሳሰበው የሚገልጽ መግለጫ ያወጣል፤ እስረኛው ወይ ይፈታል ወይ ይረሳል። በዚህ መካከል እኛ አድማጮቹ ሁለት ቦታ እንከፈላለን። ገሚሳችን «ኃያላኑ ከልብ ቢጨክኑ በአንድ ቀን ያስፈቱት ነበር» እንላለን። ገሚሳችን ደግሞ «መግለጫ ማንን አስፈትቶ ያውቃል? ሁሉም ለጥቅሙ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሁለቱም አስተያየቶች የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዙ መሆናቸውን በማስረጃ ማሳየት ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ዲፕሎማሲያዊ ግፊት እስረኛ ማስፈታት ይችላል፤ ነገር ግን ከጠየቀው በላይ አያገኝም። የአንድን ሰው ስም ብቻ ይዞ የቀረበ ግፊት ቢሳካለት ያንን ሰው ያገኛል፤ ሰውየውን ያሳሰረው ሕግ ግን ባለበት ይቀራል፣ ለሚቀጥለው እስረኛም ይጠብቃል። ከስሙ ጋር ሕጉን ያነሣ፣ አገር ውስጥ ሆነው ማስረጃ ከሚያሰባስቡ ሰዎችም ጋር የተሳሰረ ግፊት ግን ቢዘገይም ፍሬው የበለጠ ይቆያል። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ የሶቪየት ኅብረትን፣ ቀጥሎ የቻይናን፣ ከዚያም የራሳችንን አገር ጉዳይ እመለከታለሁ። አስከትዬ ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሦስት መቃወሚያዎችን እመልሳለሁ፤ በመጨረሻም ከዚህ ምን እንደምንወስድ እናገራለሁ። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ወደ ጉዳዮቹ ከመግባታችን በፊት ግፊት እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። ተቃዋሚውን የሚያስር መንግሥት ከእስሩ የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ ተሰሚ የሆነው ሰው ከአደባባይ ይርቅለታል፣ ያልታሰረውም ይፈራለታል። የውጭ ግፊት ሥራው ለዚህ ጥቅም ዋጋ ማስከፈል ነው። ዋጋው አንዳንዴ ኀፍረት ነው፤ የመሪዎች ጉባኤ ላይ የእስረኞች ስም ዝርዝር ይቀርባል፣ የታሰረው ሰው ዓለም አቀፍ ሽልማት ይሰጠዋል። አንዳንዴ ገንዘብ ነው፤ እርዳታ ይያዛል፣ የንግድ ጥቅም ይከለከላል። አንዳንዴም ልውውጥ ነው፤ እስረኛ በእስረኛ ይለወጣል። በዝግ በር የሚነገር አለ፣ በአደባባይ የሚነገር አለ። ሁሉም መሣሪያዎች ግን የጋራ ጠባይ አላቸው፦ የሚሠሩት አሳሪው መንግሥት ከሌላው ወገን አንዳች ነገር ሲፈልግ ነው። ምንም የማይፈልግን መንግሥት ምንም አታስከፍሉትም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ። ኦገስት 1 ቀን 1975 የ35 አገሮች መሪዎች በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ አንድ ሰነድ ፈረሙ። የሶቪየቱ መሪ ሊዮኒድ ብሬዥኔቭ ከሰነዱ የፈለጉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሰመሩት የአውሮፓ ድንበሮች እንዲጸኑላቸው ነበር። ይህንን ለማግኘት ሲሉ መንግሥታት ሰብአዊ መብቶችን እንዲያከብሩ የሚያዘውን ሰባተኛውን መርህ ተቀበሉ። ሰነዱ ግዴታን በፍርድ ቤት የሚያስፈጽም ስምምነት ስላልነበረ በምዕራቡ ዓለም ብዙዎች ከወረቀት በላይ አልቆጠሩትም። ሶቪየት ኅብረት ግን ሙሉ ቃሉን በጋዜጦቿ አተመች፤ ዜጎቿም አነበቡት። በሜይ 1976 ዩሪ ኦርሎቭ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ጥቂት ባልደረቦቻቸውን ይዘው የሞስኮ የሄልሲንኪ ቡድንን መሠረቱ። የቡድኑ ሥራ ቀላል ይመስላል፦ መንግሥት የፈረመውን መጣሱን የሚያሳይ ማስረጃ መሰብሰብ፣ መጻፍ፣ ለፈራሚዎቹ አገሮች መላክ። በዩክሬን፣ በሊቱዌኒያ፣ በጆርጂያና በአርሜኒያም ተመሳሳይ ቡድኖች ተቋቋሙ።

መልሱ እስር ሆነ። ኦርሎቭ በፌብሩዋሪ 1977 ተያዙ፤ በዓመቱ ሰባት ዓመት የጉልበት ሥራ ካምፕና አምስት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። በማርች 1977 የተያዘው የቡድኑ አባል አናቶሊ ሻራንስኪ 13 ዓመት ተበየነበት። ዋናው የመወንጀያ መሣሪያ «ፀረ ሶቪየት ቅስቀሳና ፕሮፓጋንዳ» የሚለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 70 ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ለታወቁት ተቃዋሚ ለአንድሬ ሳካሮቭ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሞስኮ ግን ከደብዳቤው በኋላ እስሩን አልተወችም። በሴፕቴምበር 1982 የሞስኮው ቡድን አባላቱ በእስርና በስደት አልቀው ሥራውን ለማቆም ተገደደ። በዚያ ዓመት ላይ ቆሞ ለተመለከተ ሰው ግፊቱ ከሽፏል ቢል አይፈረድበትም ነበር።

በእነዚያው ዓመታት የተፈቱ ሰዎች እንደነበሩ ግን አንዘንጋ። በዲሴምበር 1976 ቭላዲሚር ቡኮቭስኪ በቺሊው ኮሙኒስት መሪ በሉዊስ ኮርቫላን ተለውጦ ዙሪክ ላይ ወጣ። በኤፕሪል 1979 አምስት የሶቪየት እስረኞች አሜሪካ ውስጥ በተያዙ ሁለት የሶቪየት ሰላዮች ተለወጡ። አሜሪካ ኤምባሲ ገብተው ወደ አምስት ዓመት የተቀመጡት ሰባት የጴንጤቆስጤ አማኞችም በ1983 ከአገር እንዲወጡ ተፈቀደላቸው፤ ይህ የሆነው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ጉዳዩን ለሶቪየቱ አምባሳደር በዝግ አንሥተው፣ ከተሳካ ላይኩራሩበት ቃል ገብተው ነው። ለተፈቱት ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ከእነዚህ ውሎች አንዱም አንቀጽ 70ን አልነካም። የወጡት ወጡ፤ በዚያው አንቀጽ ሌሎች ገቡ።

የንግድ ግፊቱም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። ሴናተር ሄንሪ ጃክሰንና የምክር ቤት አባሉ ቻርልስ ቫኒክ ያመጡት፣ በጃንዋሪ 1975 የጸደቀው ሕግ፣ ዜጎቻቸው ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክሉ ኮሙኒስት አገሮች ከአሜሪካ ጋር በእኩል የቀረጥ ተመን እንዳይነግዱ አገደ። በ1973 ከ34,000 በላይ አይሁዶች ከሶቪየት ኅብረት ወጥተው ነበር፤ በ1975 ቁጥሩ ወደ 13,000 ወረደ። በ1979 ሞስኮ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነትና የንግድ ጥቅም ተስፋ በምታደርግበት ጊዜ ከ50,000 በላይ ሆነ። አፍጋኒስታን ከተወረረች፣ የሁለቱ ኃያላን ግንኙነትም ከተበጠሰ በኋላ እየተመናመነ ሄዶ በ1986 ከ1,000 በታች ደረሰ። ቁጥሩ የሚወጣውና የሚወርደው ሞስኮ ከዋሽንግተን በምትጠብቀው ነገር ልክ ነበር። ግንኙነቱ ጨርሶ ሲበጠስ ግፊት የሚደረግበት ገመድም አብሮ ይበጠሳል። ይህ «ሁሉንም በአንዴ ቁረጡባቸው» ለሚሉ ወገኖች ማስጠንቀቂያ ነው።

ታዲያ የከሸፈው ግፊት እንዴት ፍሬ አፈራ? መልሱ 1986 ላይ ነው። በኖቬምበር የሄልሲንኪን ሰነድ አፈጻጸም የሚገመግም ጉባኤ በቪየና ተከፈተ፤ ሶቪየት ኅብረት የሰብአዊ መብት ጉባኤ በሞስኮ ላዘጋጅ የሚል ሐሳብ ይዛ ቀረበች። ምዕራባውያኑ የፖለቲካ እስረኞች ጉዳይ መልክ ካልያዘ ሞስኮ አንመጣም የሚል አቋም ያዙ። በዲሴምበር 8 የፖለቲካ እስረኞች ሁሉ ይፈቱ ብሎ የረሀብ አድማ አድርጎ የነበረው ጸሐፊ አናቶሊ ማርቼንኮ በእስር ላይ ሞተ። ከስምንት ቀን በኋላ የሶቪየቱ መሪ ሚኻይል ጎርባቾቭ በጎርኪ ከተማ በግዞት ለነበሩት ለሳካሮቭ ስልክ ደውለው ወደ ሞስኮ መመለስ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ሳካሮቭ በዚያው ስልክ የማርቼንኮን ሞት አነሡ፣ የቀሩትም እስረኞች እንዲፈቱ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 1987 ወደ 140 የሚጠጉ እስረኞች ተለቀቁ። ጃንዋሪ 1989 የቪየናው ጉባኤ ሲዘጋ ንግግሩ ስለ ስም ዝርዝር ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት አንቀጽ 70 ተለወጠ፣ መንግሥትን የሚያጥላላ ወሬ ማሰራጨትን የሚቀጣው አንቀጽ 190-1ም ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ነገሩን እንዳላጋንን መጠንቀቅ አለብኝ። ጎርባቾቭን ወደ ለውጥ የመራቸው በዋናነት የአገራቸው ኢኮኖሚ መዳከም፣ የአፍጋኒስታን ጦርነትና የጦር መሣሪያ ፉክክሩ ሸክም ነው። የውጭ ግፊት ለውጡን አልፈጠረውም። ነገር ግን ለውጥ የሚፈልግ መሪ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የእስረኞቹ ስም፣ የታሰሩበት አንቀጽ፣ የተጣሰው ፊርማ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ያንን መዝገብ ያዘጋጁት ዲፕሎማቶች አይደሉም። ኦርሎቭና ጓደኞቻቸው፣ ከእነርሱም በፊትና በኋላ በታይፕራይተር እየጻፉ ያሰራጩ ሰዎች ናቸው። ዲፕሎማቱ ያደረገው እነርሱ የጻፉትን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ በየጉባኤውም አለመሰልቸት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ብቻ የጠየቀ ግፊት ወዴት እንደሚሄድ ያሳየናል። ከ1989ኙ የቲያናንመን ግድያ በኋላ ቻይና ከአሜሪካ ጋር የምትነግድበት የቀረጥ ተመን በየዓመቱ መታደሱ ክርክር የሚያስነሣ ሆነ። የመታደሻው ጊዜ ወይም አንድ ትልቅ ጉብኝት ሲቃረብ አንድ ሁለት የታወቁ እስረኞች ይለቀቁ ጀመር። ከሁሉ የሚያስተምረው የዌይ ጂንግሼንግ ታሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ዌይ ዴሞክራሲን የሚጠይቅ ጽሑፍ ቤጂንግ ውስጥ ግድግዳ ላይ በመለጠፉ በ1979 ታስሮ 15 ዓመት ተፈርዶበታል። በሴፕቴምበር 1993 ቤጂንግ የ2000 ኦሊምፒክን ለማዘጋጀት ትወዳደር ነበርና ድምፅ ሊሰጥ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዌይ ተለቀቀ። ውድድሩን ሲድኒ በሁለት ድምፅ አሸነፈች። በወራት ውስጥ ዌይ እንደገና ተያዘ፤ በ1995 መጨረሻም ሌላ 14 ዓመት ተፈረደበት። በኖቬምበር 1997፣ ፕሬዚዳንት ጂያንግ ዜሚን ዋሽንግተንን ጎብኝተው ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ፣ ለሕክምና በሚል ወደ አሜሪካ ተላከ። የተማሪዎች መሪ የነበረው ዋንግ ዳንም በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ቤጂንግ ሊገቡ ሁለት ወር ሲቀራቸው በተመሳሳይ መንገድ ወጣ።

ከዚህ የምናየው እስረኛው የመደራደሪያ ሸቀጥ መሆኑን ነው። ገዢው ምን እንደሚከፍል ከታወቀ ሻጩ መጋዘኑን ባዶ አያደርግም። ክሊንተን በሜይ 1993 የንግድ ተመኑን ከሰብአዊ መብት መሻሻል ጋር አያይዘው ነበር፤ በዓመቱ ግን የንግድ ሰዎቻቸው ስለገፉ ማያያዙን ራሳቸው ፈቱት። ቻይና በ1997 «ፀረ አብዮት» የሚለውን ወንጀል ከሕጓ አወጣች፤ በቦታው ግን የመንግሥትን ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል የሚል ምዕራፍ ገባ። ደራሲው ሊዩ ሺያቦ በ2009 መጨረሻ 11 ዓመት የተፈረደበት በዚሁ ምዕራፍ ነው። በ2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ቤጂንግ የሽልማቱ ኮሚቴ ካለባት ከኖርዌይ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቀዘቀዘች፤ ሁለቱ አገሮች የታረቁት በዲሴምበር 2016 ነው። ሊዩ በጁላይ 2017 ከእስር ሳይወጣ በጉበት ካንሰር ሞተ። አሳሪው መንግሥት ራሱ ቅጣት የሚያደርስበት ኢኮኖሚ ሲኖረው ግፊቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ የሕግ ለውጥም ሲባል ርዕሱን ሳይሆን ይዘቱን መመርመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የራሳችን የኢትዮጵያ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። ለጋሾች 375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍ ያዙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ገንዘቡ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በሚባል ፕሮግራም በኩል ወደ ወረዳዎች የሚፈስበት መንገድ ተገኘ። ለትምህርትና ለጤና አስፈላጊ ነበር፤ እስረኞቹ ግን እንደታሰሩ ቀሩ። በመጨረሻ ከእነርሱ 38ቱ የወጡት ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ፣ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ በሚመራው የሽማግሌዎች ቡድን አማካይነት ይቅርታ ጠይቀው፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2000 ዓ.ም. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በዶናልድ ፔይን የቀረበውን፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ የደከሙለትን ኤች አር 2003 የተባለ ረቂቅ አጸደቀ፤ ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ወቅት የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ውስጥ ነበር፤ ዋሽንግተንም ከአዲስ አበባ የምትፈልገው ነገር ነበራት።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። በይቅርታ መውጣት ነጻ ተብሎ እንደመውጣት አይደለም፤ የተሰጠው ይነሣል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ከተፈቱት መሪዎች አንዷ የሆኑት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይቅርታ ስለተጠየቀበት ሁኔታ በተናገሩት ምክንያት ይቅርታው ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ጸናባቸው፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው 2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀበሉ ከለከለ፤ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ም ወጣ። ሰዎቹ ተፈቱ፤ ሕጉ ግን ጠበቀ። በ1999 ዓ.ም. ከወጡት ጋዜጠኞች አንዱ እስክንድር ነጋ በመስከረም 2004 ዓ.ም. በዚህ አዋጅ ተይዞ 18 ዓመት ተፈረደበት። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባታቸው ከሳምንታት በፊት አምስት ጋዜጠኞችና ጦማርያን ክሳቸው ተቋርጦ፣ ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙም ከእስር ወጥታ ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ በአዋጁ መክሰስ አልቆመም። እስክንድርና ብዙ ሌሎች የወጡት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው፤ በሩን የከፈተው በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ለዓመታት የዘለቀው የሕዝብ ተቃውሞ እንጂ የውጭ መግለጫ አልነበረም። ሁለቱ አዋጆች በአዲስ የተተኩትም ከዚያ በኋላ፣ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ነው። አዲሶቹ አዋጆች የፖለቲካ እስርን አስቀርተዋል ማለቴ አይደለም። የምለው ያለፈው ግፊት የስሞች ግፊት ስለነበረ ስሞችን አስገኘ፣ የሕጎች ጥያቄ ግን ከአገር ውስጥ መምጣት ነበረበት ነው።

አሁን ወደ መቃወሚያዎቹ ልሻገር። የመጀመሪያው «ይህ በአንድ ሉዓላዊ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ነው» የሚለው ነው። መቃወሚያው ክብደት አለው፤ በቅኝ ገዢዎች የተገፋች አህጉር ልጆች ስንሆን በተለይ ክብደት አለው። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት የተከራከረውም ልክ በዚህ ቃል እንደነበር አንርሳ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ታስተዳድረው በነበረው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በሚባለው ግዛት ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በኦክቶበር 1963 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኔልሰን ማንዴላ የተከሰሰበት የሪቮንያው ችሎት እንዲቆምና የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ ሲጠይቅ ድምፁ 106 ለ1 ነበር፤ አንዱ የደቡብ አፍሪካ የራሷ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረትን ሰዎች የኔልሰን ማንዴላን እስር የፕሪቶርያ የውስጥ ጉዳይ ነው አላልንም። በራሳችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 9 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። መንግሥት የፈረመውን እንዲያከብር መጠየቅ ሉዓላዊነቱን መድፈር አይደለም፤ ሲፈርም የተጠቀመበትን ሉዓላዊነት ማስታወስ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለክርክሬ ከሁሉ የሚጠቅመው ማስረጃ ይህ ነውና። በ1985 መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ፒተር ቦታ፣ ማንዴላ ኃይልን በይፋ ካወገዘ እንደሚለቁት አስታወቁ። ማንዴላ አልተቀበለም። ድርጅቱ እንደታገደ፣ የይለፍ ወረቀት ሕጉ እንዳለ፣ ሕዝቡም እንደታሰረ እሱ ብቻ መውጣቱ ነጻነት አይሆንም የሚል ነበር መልሱ። የአሜሪካ ምክር ቤቶች በ1986 የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ ሽረው ያወጡት የማዕቀብ ሕግም የማንዴላን መፈታት ብቻ አልጠየቀም፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንዲነሣ፣ የታገዱት ፓርቲዎች እንዲፈቀዱ፣ ሰውን በዘር የሚመዘግበውና በዘር የሚያሰፍረው ሕግ እንዲሰረዝ ጭምር በቅድመ ሁኔታነት ዘረዘረ። በፌብሩዋሪ 1990 ማንዴላ ሲወጣ ፓርቲው ከዘጠኝ ቀን በፊት ተፈቅዶ ነበር፤ ሁለቱ የዘር ሕጎችም በ1991 ተሰረዙ። ጥያቄው ሕጉን ስለያዘ መልሱም ሕጉን መንካት ነበረበት።

ሁለተኛው መቃወሚያ ግብዝነትን የሚመለከት ነው። «ጠላታቸው ሲያስር ይጮኻሉ፣ ወዳጃቸው ሲያስር ዝም ይላሉ» ይባላል፤ እውነትም ነው። ለሶቪየት እስረኞች የተሟገቱት ሬገን በደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣናቸውን ተጠቅመዋል። በሶማሊያ ጉዳይ የተፈለገችው አዲስ አበባም እንደ ሌላው አልተገሠጸችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ አበው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም እንባው ሳይሆን አንጀቱ ነው። ሆኖም የተናጋሪው ግብዝነት የተነገረውን ሐሰት አያደርገውም። ሻራንስኪ ያለ አግባብ መታሰሩ እውነት የሆነው ዋሽንግተን ስለተናገረችው አይደለም፤ ዋሽንግተን ስለ ሌላው ዝም ብትልም እውነትነቱ አይቀርም። ግብዝነቱ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ለአሳሪው ምላሽ ያቀብለዋል። ስለዚህ ለግብዝነት መድኃኒቱ ለሁሉም ዝም ማለት ሳይሆን ለወዳጅም መናገር ነው። ሕግን የሚጠይቅ ግፊት እዚህም ይሻላል፤ አንድ አንቀጽ በአንዱ አገር ስሕተት ከተባለ በሌላው አገር ትክክል ለማለት ያሳፍራልና።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም ይከብዳል። ግፊቱ እስረኛውን ራሱን ይጎዳል፣ እርዳታ መያዙም ከባለሥልጣኑ ይልቅ ድሃውን ይነካል የሚል ነው። የማርቼንኮና የሊዩ ሺያቦ ሞት ይህ ስጋት ቀላል አለመሆኑን ያሳየናል። ለዚህ አንድ ወጥ መልስ የለኝም፤ ግን ሁለት መመሪያዎችን ማቅረብ እችላለሁ። መጀመሪያ፣ ዝምታ ይሻላል ወይስ ጩኸት የሚለውን መወሰን የሚገባቸው እስረኛውና ቤተሰቡ ናቸው። አቪታል ሻራንስኪ ለባሏ ዘጠኝ ዓመት በየአገሩ እየዞረች ተናግራለች፤ ምርጫዋ ነበር። ሌላዋ ሚስት በዝግ በር ይነገርልኝ ብትል ሊሰማት ይገባል። ሁለተኛ፣ ዋጋው የሚወድቅበትን ትከሻ መምረጥ ይቻላል። ከ2012 ወዲህ የወጡት ማግኒትስኪ የሚባሉት ሕጎች የገንዘብ እገዳንና የጉዞ ክልከላን በሕዝብ ላይ ሳይሆን ለበደሉ ተጠያቂ በሚባሉ ግለሰቦች ላይ የሚጥሉ ናቸው። ፍጹም አይደሉም፤ የሚጣሉትም በፖለቲካ ሚዛን ነው። ቢሆንም የወረዳ ጤና ጣቢያን በጀት ከመያዝ ይሻላሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ ማጠቃለያው ደርሻለሁ። ያየናቸው ታሪኮች ሲደመሩ የሚሰጡን ፍርድ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ግፊት ይሠራል፤ የሚሠራው አሳሪው መንግሥት የሚፈልገው ነገር ሲኖር፣ ጠያቂውም ሳይሰለች ሲደጋግም ነው። የሰው ስም ያስፈልገዋል፤ ስም የሌለው እስረኛ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አይነሣም። ስም ብቻ ይዞ ሲሄድ ግን ለገዢውም ለሻጩም የሚመች ገበያ ይፈጥራል፤ ጉብኝት በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ይወጣል፣ ጉብኝቱ ሲያልፍ ሌላው ይገባል። ከተፈታ ሰው በስተኋላ ያሳሰረው አንቀጽ ቆሞ ከሆነ ያ ድል ገና በብድር ያለ ድል ነው። የአገር ውስጥ ሰዎች ያልጻፉትን መዝገብ ደግሞ ማንም ዲፕሎማት ሊያነብበው አይችልም።

ስለዚህ ለእናንተ ያለኝ አደራ የሚከተለው ነው። ዋሽንግተን፣ ብራስልስ ወይም ሌላ ቦታ ላሉ ወዳጆቻችሁ ስለ አንድ እስረኛ ስትጽፉ ስሙን ጻፉ፤ ከስሙ ቀጥሎ የተከሰሰበትን የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽ ጻፉ፤ የሚጠየቀውም የሰውየው መፈታት ብቻ ሳይሆን የአንቀጹ መለወጥ እንደሆነ ግለጹ። እዚህ አገር ያላችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞችና የማኅበራት ሰዎች ችሎቱን ተከታተሉ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ፍርዱን ቅዱና አስቀምጡ። የምትጽፉለት እስረኛም የምትደግፉት ፓርቲ ሰው ብቻ አይሁን። ሐሳቡን የምትጠሉት ሰው በዚያው አንቀጽ ሲታሰር ዝም ካላችሁ፣ ነገ የምትወዱት ሲታሰር የሚሰማችሁ አይኖርም።